ዓይኑ ደህና ነው፣ ግማሹ ግን አይታየውም፦ ከስትሮክ በኋላ እይታን ቤት ውስጥ ማለማመጃ

ከስትሮክ በኋላ ቤቱ የገባ ሰው የበሩን መቃን በትከሻው ይገጫል። ጎኑ የተቀመጠውን ውሃ ይደፋል። ሰላም ያለውን ጎረቤት ሳያይ ያልፋል። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው መነጽር ነው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፤ «ዓይኑ ደህና ነው» ይባላል። ታዲያ ደህና ከሆነ ለምን አያይም?

ችግሩ ያለው ከዓይን ጀርባ ነው። ዓይን የተቀበለውን ብርሃን በነርቭ አድርጎ ወደ አንጎል የኋላ ክፍል፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ወዳለው ቦታ ይልካል። ማየት የሚጠናቀቀው እዚያ ነው። መንገዱ ደግሞ ይሻገራል። በስተግራችን ያለው ነገር፣ በየትኛውም ዓይን ብናየው፣ ወደ ቀኝ አንጎል ይሄዳል። በስተቀኝ ያለው ወደ ግራ አንጎል። ስለዚህ የቀኝ አንጎል የኋላ ክፍል ሲጎዳ የሚጠፋው ግራ ዓይን ሳይሆን የሁለቱም ዓይን ግራ ግማሽ ነው። ሐኪሞች ካርድ ላይ «ሄሚያኖፒያ» ብለው የሚጽፉት ይህን ነው። ታማሚው ብዙ ጊዜ «ግራ ዓይኔ ጠፋ» ይላል። አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሌላውን እየጨፈነ እንዲሞክር አድርጉ። በሁለቱም ያው ግራው ይጎድላል።

በነገራችን ላይ ከዚህ እውቀት አንዱ ክፍል የተገኘው ከጦር ሜዳ ነው። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖውዬ በ1904 እና 1905 የሩስያና የጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን መረመረ። የትኛው የአንጎል ቦታ የትኛውን የእይታ ክፍል እንደሚይዝ ከእነሱ አጥንቶ በ1909 አሳተመ። (ዓመቶቹ እዚህም ከታችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ቤት ውስጥ የምንሠራውን ከወዲሁ እንለየው። የጠፋውን ግማሽ አንመልስም። አንጎል በራሱ የሚመልሰው ካለ አብዛኛውን የሚመልሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከ6 ወር በኋላ የሚጨመረው ጥቂት ነው። እኛ የምናደርገው ዓይን ወደማይታየው ጎን ቶሎና ሩቅ እንዲሄድ ማስለመድ ነው። ይህኛው በ3ኛው ወርም በ3ኛው ዓመትም ይለመዳል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» የሚላችሁን አትስሙ።

እንደ ምሳሌ አባታችሁን ልውሰድ፤ የጠፋባቸው ግራቸው ነው እንበል። የእናንተ ሰው ቀኙ ከሆነ፣ ግራ ያልኩትን ቀኝ እያላችሁ አንብቡ። ንባብ ላይ ብቻ ሁለቱ ስለሚለያዩ እዚያ ለየብቻ እመጣበታለሁ።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት

እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ በድንገት ሁለት ሁለት ማየት ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ትውከት ከመጣ ይህ የልምምድ ጉዳይ አይደለም። አምቡላንስ ጥሩ። ኢትዮጵያ የቀይ መስቀል 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998።

ሁለተኛ፣ የእይታ ክልል ምርመራ በማሽን ይሠራ። አገጭ አስደግፎ፣ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ብልጭ የሚሉ ነጥቦችን እያዩ ቁልፍ መጫን ነው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉትን የዓይን ክፍሎች፣ ወይም ማሽኑ ያለውን ቅርብ የዓይን ክሊኒክ ጠይቁ። ውጤቱን በወረቀት ተቀበሉ። የትኛው ጥግ እንደጠፋ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ልምምዱ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ግምት መውሰድ ይቻላል። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ መካከላችሁ 1 ሜትር ያህል ይሁን። አባታችሁ ግራ ዓይናቸውን በመዳፍ ይሸፍኑ፣ እናንተ ቀኛችሁን። አፍንጫችሁን ብቻ እያዩ ይቆዩ። ከሁለታችሁ መሀል ላይ ጣቶቻችሁን በአራቱ ጥግ በየተራ አሳዩ፤ ስንት እንደሆነ ይንገሯችሁ። ዓይን ቀይራችሁ ድገሙት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ዓይን ተከፍቶ፣ ሁለቱንም እጃችሁን ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ አሳዩ። ለየብቻ ሲሆን ግራውን አይተው፣ አብረው ሲመጡ ግራውን ከጣሉት፣ ምናልባት ጉዳዩ ሌላ ነው።

ያ ሌላው ነገር ግራ ጎንን መዘንጋት ነው። ዓይን ሊያይ ይችላል፤ አንጎል ግን ግራ የሚባለውን ወገን ከሒሳብ ያወጣዋል። የቀኝ አንጎል ጉዳት ላይ ይበዛል፤ ከሄሚያኖፒያ ጋር አብሮም ሊመጣ ይችላል። መለያው ይህ ነው፦ ግማሹ የጠፋበት ሰው «ይጋርደኛል» ብሎ ያማርራል፤ የዘነጋው ግን «ሁሉንም አያለሁ፣ ምን ሆናችኋል?» ይላል። ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ይወጣል። ወረቀት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር መስመር አስምራችሁ መሀሉን እንዲያመለክቱ ጠይቁ። ግራን የዘነጉ ከሆነ ምልክቱን ወደ ቀኝ አርቀው ያደርጉታል። ሄሚያኖፒያ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ጥቂት ወደማይታየው ወገን ያጋድላሉ። ሰዓት ሥዕል ይሳሉ በሏቸው፤ ቁጥሮቹ ሁሉ በቀኝ ከተከመሩ ያው ምልክት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ገበታ አንድ ነገር ይደብቅብናል። ብቻውን ሳህን የያዘ ሰው ግራውን ከዘነጋ የሳህኑ ግራ ግማሽ ሳይነካ ይቀራል፤ ወዲያው ይታወቃል። እኛ ግን ከአንድ ትሪ፣ ሁሉም ከፊቱ ይበላል። ወጥ ይገፋላቸዋል፣ ጉርሻ ይመጣል፣ ማንም ልብ አይልም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን ለብቻቸው በሳህን አቅርቡና ምን እንደተረፈ እዩ። ቅር እንዳይላቸው ምክንያቱን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቤቱን አዘጋጁ

ይህን ቶሎ ልለፈው። መተላለፊያ ላይ ያለ ዱካ፣ ጫማ፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ። ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅ። መቃኑ ላይ፣ የጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ፣ የደረጃው ጫፍ ላይ ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ ፕላስተር ለጥፉ። ማታ መጸዳጃ ቤት ድረስ መብራት ይኑር። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ጀበናው በሚያዩበት ጎን ይሁን፤ እሳት መለማመጃ አይደለም።

ሰው ሁልጊዜ በሚያዩበት በኩል ይምጣ ወይስ በማያዩበት? የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሚያዩበት በኩል ኑ፤ አታስደንግጧቸው። በኋላ ግን ሆን ብላችሁ በግራ ተቀመጡ፣ ከግራ አውሯቸው። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ነው። ለምቾት ብለን ወደ ቀኝ እናዞርላቸዋለን፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቀራል። ቀስ በቀስ ወደ መሀል መልሱት።

ዋናው ሥራ፦ ዓይን ይዝለል

ቀኑን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት። ጠዋት ቢሆን ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ቶሎ ይዝላል። ራስ ምታት ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት አቁሙ።

በመጀመሪያ አንድ ቃል ተስማሙ። ልጅ አባቱን እየደጋገመ ማረም ለሁለቱም ይከብዳል። «አባባ፣ እንደገና ረሱት!» ከማለት፣ እሳቸው ራሳቸው የመረጡት አጭር ቃል ይሁን። «ግራ» ሊሆን ይችላል፣ «ዳር» ሊሆን ይችላል። እናንተ ያንን ቃል ብቻ ትላላችሁ፤ ትችት የለም። ግራን የዘነጉ ከሆነ ቃሉን ስትሉ ግራ ክንዳቸውን ቀስ ብላችሁ ንኩ።

ከዚያ ወደ ዝላዩ። ከግድግዳ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው ይቀመጡ። ግድግዳው ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፉ፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ ሌላው 1 ሜትር ያህል ወደ ግራ። መሀሉን እያዩ ይጀምሩ። ቃሉን ስትሉ ዓይናቸው በአንድ ዝላይ ግራውን ወረቀት አልፎ ይሂድ፤ ከዚያ መለስ ብሎ ወረቀቱን ያግኘው። «አልፎ ይሂድ» ያልኩት በምክንያት ነው። ግማሹ የማይታየው ሰው ዓይኑን ወደማይታየው የሚልከው በትንንሽ እርምጃ ነው፣ የት እንደሚያርፍ ስለማያውቅ። ፊታቸው ተቀምጣችሁ ዓይናቸውን ብታዩ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። የምንፈልገው አንድ ትልቅ ዝላይ ነው። 10 ጊዜ ሠርተው ይረፉ፣ ሦስት ዙር ይድገሙ።

ራስ ዝም ይበል፤ ለጊዜው። ብዙ ሰው ራሱን ወደ ግራ አዙሮ ዓይኑን ግን ቀኝ ላይ ያስቀራል፣ ስለዚህ ምንም አይጨምርም። ዓይን ቀድሞ ራስ ይከተል። አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ራስን ማዞር ጨምሩበት።

ቀጥሎ ጠረጴዛ። 20 ቆርኪ ሰብስቡ። 10ሩን በግራ፣ 10ሩን በቀኝ በትኗቸው። መጀመሪያ ዓይናቸው ግራ ጠርዝ ላይ ያለውን ቀይ ፕላስተር ይንካ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ እየቃኙ ያንሱ። እንደመጣ እዚህም እዚያም መቃኘት ይከለከላል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ በግራ ስንት፣ በቀኝ ስንት እንደቀረ ጻፉ። ቆርኪ ሲቀላቸው ወደ ባቄላ፣ ከዚያ ወደ ስንዴ ፍሬ ውረዱ።

እናታችሁ ከሆኑ ታማሚዋ፣ ከዚህ ሁሉ የተሻለ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፦ ሰፌዱ። ምስር መልቀም ዓይንን ከዳር እስከ ዳር የሚያስኬድ ሥራ ነው፤ ጥቅምም አለው፣ ማንም «ልምምድ ነው» ብሎ አያሰለችበትም። ሰፌዱ ከሆዳቸው ፊት መሀል ለመሀል ይቀመጥ። ማዞር የለም። የለመደ እጅ ሳያስበው ምስሩን አንጓሎ ወደሚያየው ጎን ያመጣዋልና ይህን ተቆጣጠሩ። እንክርዳድና ጠጠር ቆጥራችሁ ራሳችሁ ቀላቅሉበት፤ 10 ከጨመራችሁ 10 መውጣት አለበት። ለምግብ የሚሆነውን በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ ይልቀመው።

ገበጣ ወይም ካርታ የሚወዱ ከሆነ እሱም ይሠራል። እኔ ከኮምፒውተር ጨዋታ ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ። ማያ ገጽ ጠባብ ነው፤ ሕይወት ደግሞ ሰፊ። ሆኖም ኢንተርኔት ላላችሁ፣ የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት «አይ ሰርች» የሚባል የዓይን ቅኝት ማለማመጃ አለ።

ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ እለፉ። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች በሦስት ግድግዳ ላይ፣ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ በትኑ። ቆመው በቅደም ተከተል ይጠቁሙ። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባት ከሆኑ ከ፩ እስከ ፳ ጻፉላቸው፤ ፈገግ ይላሉ፣ ይበረታሉም። ከዚያ በኮሪደር እየሄዱ፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፊት አቁማችሁ አምስት ዕቃ ስጧቸውና ራሳቸው ያግኙ። እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ ለመጠቆም በጣም ያምራችኋል።

ንባብ

እዚህ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። አማርኛ ስናነብ ዓይን ካለበት ፊደል ይልቅ ወደ ቀኝ የሚመጣውን ቀድሞ ይቃኛል። ስለዚህ ቀኙ የጠፋበት ሰው የሚቀጥለው ቃል የት እንዳለ አያውቅም፤ ንባቡ በጣም ይንቀራፈፋል። ግራው የጠፋበት ደግሞ መስመሩን ይጨርሳል፣ ግን ተመልሶ የቀጣዩን መስመር መጀመሪያ አያገኝም፤ ከመሀል ይጀምራል። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዳዊት ማንበብ የማይከብዳቸው ሰው ቁርዓን ወይም የእስራኤል ጋዜጣ ላይ ሊቸገሩ ይችላሉ፤ ወይም በተቃራኒው። ቤተሰብ ይህን ካላወቀ «አውቀው ነው» ይላል።

ለግራ፦ በገጹ ግራ ዳር ከላይ እስከ ታች ቀይ መስመር አስምሩ፣ ወይም ቀይ ክር አስቀምጡ። ግራ እጃቸው እሱ ላይ ይሁን። መስመር ባለቀ ቁጥር ዓይን ቀዩን ሳያይ ንባብ አይጀመርም። ከሚነበበው መስመር ሥር ማስመሪያ አድርጉ። ሰፊ ገጽ ከሚሆን ጠባብ ዓምድ ያለው ጋዜጣ ይቀላል።

የአማርኛ ቃል መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር አለ። ግራው የጠፋበት ሰው «ያልተከፈለ» የሚለውን «ተከፈለ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። 1500 ብር 500 ይሆናል። የስልክ ቁጥር፣ የቴሌብር ክፍያ፣ የመድኃኒት መጠን ሁሌም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ይነበብ። ይህን እንደ ሕግ ያዙት።

ለቀኝ፦ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ዓይን ወደ መስመሩ መጨረሻ ደርሶ ይምጣ። ቀዩ መስመር በቀኝ ዳር ይሁን። ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ሳያዩ አይገምቱ፤ ማን እንደሠራው የሚናገረው የቃሉ ጭራ ነው። ሄደ፣ ሄደች፣ ሄድን ሁሉም ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። የለንደኖቹ ተመራማሪዎች ለዚህም «ሪድ ራይት» የሚባል ልምምድ አላቸው፤ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ እየተጓዘ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ አንባቢ ለማሟሟቂያ የቴሌቪዥን ዜና ሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ ሊጠቀም ይችላል፤ አቅጣጫው ያው ነው።

ለሁለቱም፦ ፊደል ማተለቅ ብቻውን አይረዳም። ከሚገባው በላይ ሲተልቅ ቃሉ ራሱ ወደማይታየው ጎን ይገባል። በምቾት የሚለዩት መጠን ይበቃል። አንዳንድ ሰው ገጹን አዙሮ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ይቀለዋል። እንግዳ ቢመስልም ሞክሩት።

ሁለት ሁለት ሲታይ

ይህ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሲጎዱ ይመጣል፤ በመኪና አደጋና በመውደቅ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ላይም ይበዛል። አንድ ፈተና አለ። አንዱን ዓይን ሸፍኑ። ሁለቱ አንድ ከሆነ የሁለቱ ዓይን አለመገጣጠም ነው። አንድ ዓይን ብቻ ተከፍቶም ሁለት ከታየ፣ ችግሩ ዓይኑ ላይ ራሱ ነው፤ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል።

ለጊዜው የሚያሳርፈው መነጽር ላይ የአንዱን መስታወት ደብዛዛ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ሐኪሙ ሌላ ካላለ በየቀኑ አቀያይሩት። አንድ ዓይን ሲሸፈን ርቀት መገመት ይከብዳል። ቡና ሲቀዱ የጀበናው አፍ የሲኒውን ከንፈር ይንካ፤ ደረጃ ሲወርዱ እጅ መደገፊያ ላይ ይሁን። ሐኪም ፕሪዝም የሚባል መስታወት ሊያዝ ይችላል፤ ከገበያ በግምት አይገዛም።

ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ቅርብ ሲያነብ ብቻ የሚደበዝዝበትና ራሱን የሚያመው ከሆነ፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ መሰብሰብ አቅቷቸው ሊሆን ይችላል። የታወቀው ልምምድ እርሳስ ነው። ክንድ ዘርግቶ ይዞ፣ ጫፉን እያዩ ቀስ እያሉ ወደ አፍንጫ ማምጣት፣ ሁለት ሲሆን ማቆም፣ መመለስ። ሐኪም አይቶ ይህ ነው ሲል ብቻ ጀምሩት። ከነርቭ ሽባነት የመጣ መንታ እይታን እርሳስ አያስተካክልም። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ልጆች ላይ የወጣ ትልቅ ጥናትም እርሳሱ ብቻውን፣ ክሊኒክ ውስጥ ከባለሙያ ጋር ከሚሠራው በጣም እንደሚያንስ አሳይቷል።

ብርሃን የሚያማቸው ከሆነ ባርኔጣ ያድርጉ። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አያድርጉ፤ ዓይን ጨለማን ሲለምድ ብርሃኑ የባሰ ያማል።

የሌለ ነገር ቢያዩስ?

ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። በማይታየው ጎን ሰው፣ ልጆች፣ እንስሳ፣ አበባ፣ ጥለት ሊታያቸው ይችላል። ድምፅ የለውም። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ በ1760 ስለ አያቱ የጻፈው ይህን ነው፤ በስሙም ይጠራል። የሚታይ ነገር የተነፈገው አንጎል ራሱ ሥዕል ይሠራል። እብደት አይደለም። እኛ ዘንድ ግን አባት «እዚያ ጋ የቆመው ሕፃን ማነው?» ሲሉ ቤቱ ይሸበራል። እሳቸውም ሁለተኛ አይናገሩም።

ብቻ ጠይቋቸው፦ «አባባ፣ የሌለ ነገር ይታይዎታል እንዴ? ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል።» መብራት ማብራት፣ ዓይንን ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ጸበልም ቢሄዱ፣ ዱዓም ቢደረግላቸው፣ የደም ግፊት፣ የደም ማቅጠኛና የሚጥል በሽታ መድኃኒታቸው አይቋረጥ። ምስሉ ድምፅ ካለው፣ እውነት ነው ብለው ከተከራከሩ፣ ወይም እያዩት ሰውነታቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚፈዙ ከሆነ ግን ለነርቭ ሐኪም ይነገር።

መንገድ

ከቤት ስትወጡ በማያዩበት ጎን ሂዱ። መንገደኛ እንዳይገፋቸው እናንተ ትከልሏቸዋላችሁ። አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም መኪና በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ከእግረኛ መንገድ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚደርሰው መኪና ከግራ ነው። ግራው ለጠፋበት ሰው ይህ መጥፎ ነው። ለንደን ላይ ደግሞ ከቀኝ ይመጣል። ቆሞ ማየት፣ ዓይንን ወደጠፋው ጎን ሙሉ ዝላይ መላክ፣ ራስን አስከትሎ ማዞር፣ ወደ ሌላው ማየት፣ እንደገና ወደጠፋው፤ ከዚያ መሻገር። ክዳን የሌለው ቱቦ ባለበት ሰፈር ነጭ ዱላ መያዝ አያሳፍርም፤ ሹፌሩም ያያቸዋል።

መኪና መንዳት ግን የለም። ሐኪም በጽሑፍ እስኪፈቅድ ድረስ። እንግሊዝ አገር ለግል መኪና በሁለቱም ዓይን አግድም ቢያንስ 120 ዲግሪ እይታ ይጠየቃል፤ ሙሉ ግማሽ የጠፋበት ሰው ይህን አያሟላም። ኑሯቸው መሪ ላይ ለሆነ አባት ይህ ከስትሮኩ የባሰ ሊመስላቸው ይችላል። በአንድ ምሽት አትጨርሱት፤ ሐኪሙ ራሱ ቢነግራቸው ይሻላል።

ደብተርና ገንዘብ

ደብተሩ ውስጥ አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀን፣ የፈጀው ደቂቃ፣ በግራ የቀረ፣ በቀኝ የቀረ። መሻሻል በስሜት አይታወቅም፤ በተለይ ደክሟቸው በሚነጫነጩበት ሳምንት።

«የጠፋውን እይታ እንመልሳለን» የሚል ውድ ፕሮግራም፣ ጠብታ ወይም ቪታሚን ሲመጣባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። በ2005 ጀርመን ውስጥ አንድ በሰፊው የተሸጠ የኮምፒውተር ልምምድን ዓይን እንዳይንሸራተት በጥብቅ እየተቆጣጠሩ ለኩት፤ የማይታየው ክልል ድንበር አልተንቀሳቀሰም። ምርምሩ እንደቀጠለ ነው፤ የሚሠራ ነገር ሲመጣ የነርቭ ሐኪማችሁ ይሰማል። ያ ገንዘብ ለአካባቢው የአካል ማገገሚያ ባለሙያ፣ ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ ለሚያለማምድ ባለሙያ) ቢውል ይሻላል። እንግሊዝ ያላችሁ ከስትሮክ ክፍሉ ኦርቶፕቲስት (የዓይን እንቅስቃሴ ባለሙያ) ጠይቁ፤ ሥራቸው ይኸው ነው።

6ኛው ሳምንት ላይ የእይታ ክልል ካርታውንና ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ተመለሱ። በግራ የሚቀረው ከቀነሰ ልምምዱን ወደ መንገድና ወደ ገበያ ውሰዱት፤ የጠረጴዛውን አቁሙ። ምንም ካልቀነሰ ግራ መዘንጋት ተደርቦበት እንደሆነ በደንብ ይታይ፤ እንቅልፍ ማጣትና ድብርት ካለም ንገሩት። ከስትሮክ በኋላ ድብርት ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ መድኃኒትም አለው። ልብ ከደከመ፣ ዓይን ብቻውን ቢለማመድ አይሆንም።